የጋሽ አንበሳ የክርስትና ስም

ጋሽ አንማው ማረፋቸውን የሰማሁት ጥርሴን እየፋቅሁ ነው። ቤት ያከራዩአቸው ወይዘሮ ጥሩዬ በጠዋት ደውለው «ሙሉነሽ፣ ሰውዬሽ እንደተኙ ቀሩ» አሉኝ። ሰውዬሽ ያሉት ዘመዴ ስለሆኑ አይደለም። ከእኔ ሌላ ለማን እንደሚደወል ስላላወቁ ነው። መፋቂያዬን እንደያዝሁ ደጅ ወጥቼ ቆምሁ። ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ዝናቡም ከሌሊት ጀምሮ አላባራም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው አብዛኛው ጋሽ አንማውን ያውቃቸዋል፤ ማወቁን ግን አያውቅም። በልጆች መዝናኛው ግቢ ውስጥ፣ በዥዋዥዌውና በሸርተቴው መካከል እየዞረ ልጆች የሚያቅፈው ያ ትልቅ ቢጫ አንበሳ እሳቸው ነበሩ። እኔ በሩ ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። እሳቸው ከውስጥ ያገሳሉ እንዳልል፣ በስምንት ዓመት አንድ ቀን አግስተው አያውቁም። አንበሳው ዝምተኛ ነበር። ሰውዬውም ከአንበሳው የባሱ ዝምተኛ ነበሩ።

ወደዚህ ሥራ የገቡት ሳያስቡት ነው። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ ነበር። የመዝናኛው ባለቤት የአንበሳውን ልብስ አሮጌውን ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣ፤ ሲፈታ አንድ ጆሮ የለውም፣ ጀርባው ተተርትሯል። ጋሽ አንማው ተጠርተው መጡና ሦስት ቀን ጠግነው ጆሮም አበጁለት። በሦስተኛው ቀን «ብብቱ ጋ ይይዝ እንደሆን ልሞክረው» ብለው ገቡበት። ዚፑን ከኋላ ዘግቼላቸው ሳልጨርስ፣ ዥዋዥዌ ላይ የነበሩ ልጆች አዩአቸውና እየጮኹ መጡ። አንዷ ጉልበታቸውን አቀፈች። ሌላው ጅራታቸውን ያዘ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልለቀቋቸውም። ጭንቅላቱን ሲያወልቁ ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ ቀን በርቶ አላየሁትም።

«እቴ ሙሉ፣ እንዲህ ያለም ሥራ አለ?» አሉኝ።

በማግሥቱ የስፌት መኪናቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። ባለቤቱም የዕቃ ቤቱን ጥግ ሰጣቸው። በአዘቦት እዚያ ይሰፋሉ፤ ዓርብና እሑድ ልጆች ሲመጡ አንበሳ ይሆናሉ።

ከአንበሳው ውጪ ሲያዩአቸው ረጅምና ቀጭን፣ ስድሳን ያለፉ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው መሬት እያዩ ሰላም የሚሉ ሰው ነበሩ። ምሳቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። አገራቸው ከደጀን ወዲያ፣ ዓባይ አፋፍ ላይ መሆኑን ነግረውኛል። አንድ ቀን «ዘመድ የለዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍም። «ነበረ» አሉኝና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለቤተሰባቸው የሰማሁት ይቺን ቃል ብቻ ነው።

ተቆጥተው ያየኋቸው አንዴ ነው። ዝናብ መትቶት አንበሳው እንደረጠበ በግ ይሸት ስለነበር ገመድ ላይ አሰጣሁት። ጭንቅላቱንም አጥሩ ላይ ሰቀልሁት። ጋሽ አንማው ሲያዩ ሮጠው አወረዱት። «ልጆች ተሰቅሎ ቢያዩትስ? ምን ብለሽ ልታስረጃቸው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንበሳው የሚደርቀው ዕቃ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እሳቸው ሲሰፉ እሱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ያያቸዋል። ዘበኛችን አንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሳያጣራ «እንደምን አደሩ» ብሎት ለወር ያህል ስቀንበታል።

ልጆቹ «ጋሽ አንበሳ» ነበር የሚሏቸው። አንቱ ነው የሚሏቸው። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት እናት ይህን ሰምታ «አንበሳ ደግሞ አንቱ ይባላል?» ብላ ስትስቅ፣ አንዱ ልጅ ኮስተር ብሎ «ትልቅ ናቸዋ!» አላት። እኔም ከትኬት መስኮቴ ሆኜ በአስተዳደጉ ኮራሁ።

ዓርብ ቀን ነበር። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች መጥተው ክሬም ያለበት ብስኩት በግድ ወደ አንበሳው አፍ ሊያስገቡ ሲታገሉ፣ ጋሽ አንማው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ ቀሰሩ። ገና ሰዓት አልደረሰም ማለታቸው ነው። ልጆቹ ጸጥ አሉ። «ውይ! ጾመኛ ናቸው!» አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ የከተማው እናቶች ለእኔ አቤቱታ ማሰማት ጀመሩ። «ጋሽ አንበሳ እየጾሙ እኔ ወተት አልጠጣም አለኝ» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «አንበሳ በጾም ምን ይበላል ብላ ስታስጨንቀኝ ሽሮ አልኋት» ትላለች። በረመዳን ደግሞ የአንድ ነጋዴ ልጅ «የኛንስ ይጾማሉ?» አለቻቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሏት። በማግሥቱ ተምር በላስቲክ ይዛ መጥታ «ለማታ» ብላ እኔ ጋ አስቀመጠች።

«ጋሽ አንማው፣ ሁለቱንም ይዘው እንዴት ይዘልቁታል?» ብዬ ቀለድሁባቸው።

«ልጅ አምኖኝ እንዴት ልዋሽ?» አሉኝ። የዚያን ወር ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሲመጡ አላየሁም። ተምሩንም ፀሐይ ሳትጠልቅ አልቀመሱትም።

ከልጆቹ ሁሉ ወደ እሳቸው የቀረበችው ቤዛ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሞታባት ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ አክስቷ ሰላም ትባላለች፤ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሹሩባ ትሠራለች። መጀመሪያ ሰሞን ቤዛ አትጫወትም ነበር። መጥታ ባሕር ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አንበሳውም ሄደው አጠገቧ ይቀመጣሉ። እሷ ታወራለች፤ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ሌሎች ልጆች ሲጎትቷቸው ትንሽ ዞረው ተመልሰው ይመጣሉ።

አንድ እሑድ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አንበሳው ጎንበስ ብለው ያን ትልቅ ጭንቅላት ወደ ቤዛ ጆሮ አስጠግተው ቆዩ። ቤዛ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና ሁለት ጊዜ እሺ እሺ አለች። ስትወጣ በር ላይ ይዣት «ምን አሉሽ?» አልኋት።

«ምሥጢር ነው» አለችኝና ሄደች።

ዕቃ ቤት ገብቼ «አንበሳው አፍ አወጣ እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ለነገሩ የቀናሁም ይመስለኛል፤ ለእኔ በዓመት ከሚናገሩት በላይ ለእሷ ሳይናገሩ አልቀሩም። ጋሽ አንማው ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡና «የጠየቀችኝ በመነቅነቅ የሚመለስ አልሆነም» አሉኝ።

«ምን ብትጠይቅዎት ነው?»

«የክርስትና ስምዎ ማነው አለችኝ። እናቷ ስትቀበር ቄሱ ሲጠይቁ ሰምታ ኖሯል። እርስዎስ ሲሞቱ በምን ስም ይጠሩዎታል ብላ ተጨነቀችልኝ።» የአንበሳውን ጎፈር በጣታቸው አበጠሩ። «ይኸን ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ» አሉ። እኔም ያን ጊዜ ስምዎ ማነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አፌ የማያርፈው ሴትዮ፣ መጠየቅ በሚገባኝ ቀን ዝም አልሁ።

ሌላ አንድ ነገር ልናገር። በዚያው ዓመት ጥር ውስጥ ጋሽ አንማው ገበያ መሐል ቤዛንና አክስቷን አገኟቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የገዙትን ሽንኩርት ይዘው ነበር። ቤዛን ሲያዩ ራሳቸውን ረሱ። አንበሳው ለእሷ ብቻ የሚያደርገውን አደረጉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ከዚያ ሁለቱን መዳፍ ዘረጉላት። ቤዛ ደንግጣ አክስቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። አክስቷም «ምነው አባቴ? ልጅቱን አስደነገጧት እኮ» አለቻቸው። ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ።

ይህን ሰኞ ዕለት እየሳቁ ነገሩኝ። መርፌ ላይ ክር እያስገቡ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሞክረው አልገባ አላቸው።

«ልክ ናት፤ የማታውቀው ሰው ነኝ» አሉ።

 እሑድ አርባ ልጅ ያቀፋቸው ሰው ሰኞ መንገድ ላይ የሚያውቃቸው የለም። «ልንገራት፤ ትልቅ ልጅ ናት፣ ይገባታል» አልኋቸው። መርፌውን ጥለው ብድግ አሉ።

«እንዳታደርጊው እቴ ሙሉ! እኔን አታተርፍም፤ ጋሽ አንበሳንም ታጣለች። አንድ ሰው አጥታለች፤ ይበቃታል።»

ማልሁላቸው።

እንግዲህ የሞቱ ዕለት ወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ስደርስ እድርተኞች ድንኳን ይተክሉ ነበር። ቄሱ ገብተው «ስመ ክርስትናቸው ማነው?» ሲሉ ሁላችንም ተያየን። መታወቂያቸው ላይ ያለው አንማው ነው። የንስሐ አባታቸው አገራቸው እንደነበሩና እንዳረፉ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተሰማ። ወይዘሮ ጥሩዬ ሣጥናቸውን ፈተሹ፤ መቀስ፣ ሜትርና አንድ ንጹሕ ነጠላ ብቻ ተገኘ። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። «ግድ የለም፤ ‹ገብርከ›፣ ባሪያህ ብለን እናልፈዋለን፤ እሱ ባለቤቱ ያውቀዋል» አሉ። ቀብሩ ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

እውነታቸውን ነው፤ ፈጣሪ ያውቀዋል። ለእኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። በዚህ ከተማ ስምንት ዓመት ያለስማቸው የኖሩ ሰው ያለስማቸው ሊቀበሩ ነው። ስማቸውን የምታውቀው ደግሞ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ለእሷ እንዳልናገር ምያለሁ። በዝናቡ ባጃጅ ይዤ ሰላም ጋ ሄድሁ።

ቤዛ ጾም ላይ ነበረች፤ ነጭ ለብሳ ቅዳሴ መሄጃዋን ትጠብቃለች። «ቤዛዬ፣ ጋሽ አንበሳ የነገሩሽን ስም ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አልኋት።

«አልነግርሽም። ምሥጢር ነው ብያቸዋለሁ።»

«በጣም አስፈልጎኝ ነው።»

«ራሳቸው ይጠይቁኝ።»

አስባ የተናገረችው አይመስለኝም። እኔ ግን ቆሜ አሰብሁበት። ሰላምን ወደ ጓዳ ወስጄ እውነቱን ነገርኋት። ገበያ ላይ የተቆጣቻቸው ሰውዬ መሆናቸው ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በግማሽ ሰዓት ውስጥ መዝናኛው ድረስ ይዤያት እመጣለሁ» አለችኝ።

ዕቃ ቤቱ ስደርስ አንበሳው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ መኪናው ላይ ያልተጨረሰ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ሳልዘገይ ልብሱን ለበስሁት፤ እግሩ ረዘመብኝና አጣጠፍሁት። ጭንቅላቱን ሳጠልቅ የሳሙናና የላብ ሽታ አፈነኝ። ማያው አንበሳው አፍ ላይ ነው፤ ለእሳቸው ቁመት የተበጀ ስለሆነ ለማየት አገጬን ማንሳት ነበረብኝ። ግንባሩ ጋ ለላብ የሚሆን ጨርቅ ሰፍተውበታል። ጉንጩም ጋ በሁለቱም ወገን ለስላሳ ጨርቅ ሰፍተዋል፤ ላብ እስከዚያ ምን ያደርሰዋል ብዬ ተገረምሁ።

ቤዛ ገባች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋሽ አንበሳ፣ አጥረዋል» አለች።

 ጅራቴን ያዝሁ እንጂ የማደርገው ጠፋኝ።

«በፍልሰታው ከስተው ነው አይደል? እኔም እየጾምሁ ነው። እማ ሰላም ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል ብትለኝም እምቢ አልኋት።»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ መዳፌን ወደ ጆሮዬ ወሰድሁ።

«ምን? ስምዎን?» አለች። ነቀነቅሁ። «ረሱት እንዴ?» አሁንም ነቀነቅሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቆጣችኝ። «ሰው እንዴት የክርስትና ስሙን ይረሳል? ቢሞቱ ምን ሊሆኑ ነው?»

ወንበሩ ላይ ወጥታ አፏን የአንበሳው ጆሮ ውስጥ ከተተች። ጋሽ አንማው የሠሩት ጆሮ ነው፤ ከእኔ ጆሮ ግን በስንት ስፖንጅ ይርቃል። ሹክሹክታ እንጂ ቃል አልደረሰኝም። እንደገና መዳፌን አነሳሁ። ደግማ አለችው፤ አሁንም አልሰማሁም። ማልቀስ ቃጣኝ። ሦስተኛ ሳነሳ ቤዛ ተስፋ ቆረጠችና ጮክ አለች።

«ፍሥሐ ጽዮን! ጆሮዎንም ያምዎታል?»

ከውስጥ ሆኜ ድምፅ ሳላሰማ ደጋገምሁት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መዳፎቼን ዘረጋሁላት። ገብታ አቀፈችኝ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ አንማው ስምንት ዓመት ለምን እዚያ ሙቀት ውስጥ እንደኖሩ የገባኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ «ፍሥሐ ጽዮን» እያሉ ጠሩአቸው። ደጋግመው ነው የጠሩአቸው። የነበርነው እድርተኞቹ፣ ሦስት ልብስ ሰፊዎች፣ ዘበኛችንና እኔ ነን። ቅዳሴ አልቆ ሕፃናት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቤዛ የአክስቷን እጅ ይዛ መጣች። ሰላም ልታሳልፋት ብትሞክርም ልጅቱ ስሙን ሰምታ ቆመች። ወደ እኔ መጥታ ነጠላዬን ሳበችኝ።

«ሙሉነሽ፣ የጋሽ አንበሳ ሞክሼ ናቸው እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኋት። 

ሬሳው ሲወርድ አንገቷን አስግጋ አየች። የሚያለቅስ ዘመድ ፈልጋ ዙሪያውን ቃኘች፤ አላገኘችም። «ጋሽ አንበሳ ሞክሼያቸው መሞታቸውን ሰምተዋል?» አለችኝ።

«ሰምተዋል።»

«እንግዲያ ለቅሶ ልደርሳቸው ነው። እሑድ እመጣለሁ በያቸው።»

ሰላምና እኔ ተያየን። ለጋሽ አንማው የማልሁት መሐላ ደግሞ ገና አላለቀም።

እሑድ ቤዛ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሰው ዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። አንበሳው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። አጠገቤ ተቀመጠችና መዳፌን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ያጽናዎ» አለችኝ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብላ አብራኝ ቆየች። እኔ ለእድርተኞቹ የሥራ ባልደረባ ነኝ፤ ለጎረቤቶቹም ትኬት ቆራጭ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥም መቃብሩ ላይም ኀዘንተኛ ናት ብሎ ያሰበኝ አልነበረም። ጭንቅላቱ ውስጥ እጅ አይገባም፤ እንባ ሲመጣ የሚጠርጉበት የለም። ጉንጬን ጋሽ አንማው የሰፉት ጨርቅ ላይ አስጠጋሁት።

ለእሳቸው ሞት እኔን ያጽናናኝ ሰው እስከ ዛሬ እሷ ብቻ ናት።